ግብርና ገመድ

በአማርኛ ውስጥ እንደ «ግብር» ብዙ ነገር የተሸከመ ቃል መኖሩን እጠራጠራለሁ። ንጉሥ ሠራዊቱንና መኳንንቱን ሰብስቦ ጮማ ሲያስቆርጥ፣ ጠጅ ሲያስቀዳ «ግብር አበላ» ይባላል። ጮማና ጠጅ የሚሆነውን ሀብት ገበሬው ከጎተራውና ከበረቱ አውጥቶ ሲያስረክብም «ግብር ገበረ» ይባላል። ሰጪና ተቀባይ፣ ጠግቦ ያደረና ጦሙን ያደረ በአንድ ቃል ይገናኛሉ። ሥሩን ፍለጋ ወደ ግእዝ ብንወርድ ገብረ ማለት ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው፤ ከዚያው ሥር «ገብር» አገልጋይ፣ ባሪያ ሆኖ ይወጣል። ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ እያልን ስም ስናወጣ የምንናገረው ይህንኑ ነው። ገበሬም፣ ገባርም፣ ግብርናም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አራሹ፣ ከፋዩና አገልጋዩ በቋንቋችን ወንድማማቾች ናቸው ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ያነሣሁት ለሰዋስው ፍቅር ብቻ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የተነሣበትን ምክንያት ባሰብሁ ቁጥር፣ ያ ሰው እነዚህን ወንድማማቾች ሊያለያይ የታገለ ይመስለኛል። ገበሬ ነኝ አለ፤ ገባር ግን አታደርጉኝም አለ። ስለ የካቲት 1966 ዓ.ም. ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተዘፍኗል፤ ከዚያ በፊት በስድስት ዓመት ስለሆነው ስለዚህ ነገር የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን የገበሬ አመፆች በጻፉት መጽሐፍ ከትግራዩ ቀዳማይ ወያነና ከባሌው አመፅ ጎን አኑረውታል። ከዚያ ውጪ በአብዛኛው ሁለት መስመር ተሰጥቶት የሚታለፍ ታሪክ ነው፤ ይህ ደግሞ ያሳዝነኛል። ሰው ከመንግሥት ምን ያህል ራቅ ብሎ መኖር ይገባዋል የሚለውን ጥያቄ በአገራችን አፈር ላይ ከዚህ አጥርቶ ያነሣ ድርጊት እምብዛም አላውቅምና።

እስቲ ከሕጉ እንጀምር። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ የሚከፈል ግብር በአዋጅ ደነገገ። አዋጁ የጥንቱን አሥራት ሻረ፤ በምትኩ እያንዳንዱ ሰው ከእርሻ በሚያገኘው ገቢ መጠን እንዲከፍል አዘዘ። ብዙ ባለመሬቶች በተቀመጡበት ፓርላማ ብርቱ ክርክር አልፎ የወጣ ሕግ ነው። በወረቀት ላይ ሲነበብ ነውር አይገኝበትም። ብዙ ያለው ብዙ ይክፈል፣ ጥቂት ያለው ጥቂት ይክፈል ነው የሚለው። ዛሬ ተነሥቶ ይህን ሕግ አንብቦ «ይህማ ግፍ ነው» የሚል ሰው አይገኝም። እኔም አልልም።

ገቢን ለመገመት ግን የሚገመተው ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ማሳው ስንት ነው? ጤፍ ነው ወይስ ገብስ የሚዘራበት? ምን ያህል ይታፈስበታል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የማን ነው? ይህን ሁሉ ጠይቆና አይቶ የሚጽፍ ገማች ወደየቀበሌው መውረድ ነበረበት። ነገሩ የተበላሸው ገና ከዚህ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ገና ሳይጠየቅ።

እኔ በባንክ ቤት መስኮት ተቀምጬ የምሠራ ሰው ነኝ። ቀኑን ሙሉ የማደርገው የሰውን ሀብት በስምና በቁጥር ማስፈር ነው፤ በሥራዬ ልማድ ያልተጻፈ ሀብት እንደሌለ ይቆጠራል። የጎጃም ገበሬ እምነት የዚህ ተቃራኒ ነበር። ለእርሱ የተጻፈ መሬት ግማሹ እንደተወሰደ ይቆጠራል። ይህን ባላዋቂነት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ በዘመኑ የነበሩ ሹማምንትም ያሉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ሰውዬው እንዲህ እንዲያምን የሚያደርገው በቂ ምክንያት ነበረው፤ ከምክንያቶቹ አንዱን ያመጣው ገመድ ነው።

ቀላድ የመሬት መለኪያ ገመድ ነው፤ ርዝመቱ 66 ሜትር ገደማ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ የሰፋው መንግሥት መሬቱን በዚህ ገመድ እያስለካ በጋሻ በጋሻ ከፋፈለው፤ አንድ ጋሻ 40 ሔክታር ያህል ነው። ከተለካው ላይ ለመንግሥት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሹሙና ለወታደሩ ተመደበ፤ ለአገሬው ባላባት የተረፈው ሲሶው ወይም ከዚያ ያነሰው ነበር። በአያቱ መሬት ላይ ሲያርስ የኖረው ሰው አንድ ቀን ማልዶ ሲነሣ ጭሰኛ ሆኖ ተገኘ። ገመዱ በእጅ የሚያዝ ተራ ነገር ነው፤ ያለፈበት ቦታ ግን ባለቤት ይቀይራል። በባሌ ዋቆ ጉቱን በመሳሰሉ መሪዎች ሥር ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ያመፀው ሕዝብ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው፤ የመሬቱ ነገር ግን ከዋነኞቹ አንዱ ነው። የባሌው ገበሬ ያመፀው ገመዱ ካለፈበት በኋላ ነው። የጎጃሙ ገመዱ ሳይደርስበት አመፀ።

እዚህ ላይ የማይመች ነገር አለ፤ ባልፈው ግን ጽሑፌ ሐሰት ይሆንብኛል። ወደ ደቡብ ነፍጥ ይዞ ዘምቶ፣ በቀላድ የተለካ መሬት ተሰጥቶት፣ ጭሰኛ አሳድሮ ከኖረው ሰው ብዙው ከሰሜንና ከመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል የሄደ ነው። ስለዚህ የሰሜኑ ገበሬ ገመዱ ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው በወሬ ብቻ አልነበረም፤ ወንድሙ ወይም አጎቱ በሌላው ላይ ሲሠራበት አይቷል። ፍርሃቱ የጠለቀው ምናልባት ከዚህም የተነሣ ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ከርስቱ ከራሱ የሚመነጭ ነው፤ ይህን ለመረዳት ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዛሬ «ርስት» ስንል አጥር ያለው፣ ወሰኑ የታወቀ ይዞታ ይመስለናል። በጎጃም እንዲያ አልነበረም። አንድ ሰው «በዚህ አገር ርስት አለኝ» ሲል «ይህ ማሳ የእኔ ነው» ማለቱ አይደለም፤ «ከእገሌ እወለዳለሁ» ማለቱ ነው። ከብዙ ትውልድ በፊት አገሩን ያቀና ዋና አባት አለ፤ መሬቱ በስሙ ይጠራል። ከእርሱ የሚወለድ ሁሉ፣ በአባቱም ቢሆን በእናቱ፣ ከመሬቱ ላይ ድርሻ የመጠየቅ መብት አለው። ሰው ደግሞ ሁለት አያት ብቻ የለውም፤ አራት አሉት፤ ስምንት ቅድመ አያት፣ ከዚያም አሥራ ስድስት። በየሐረጉ በየአገሩ መብት አለው ማለት ነው፤ እዚህ ባይቀናው እዚያ ሄዶ ይሟገታል። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቷል። ከጥናቱ እንደምንረዳው መሬቱ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር የሚኖር ነገር ነበር። ወጣት ሳለ ጥቂት ማሳ የነበረው ሰው አንደበተ ርቱዕ ቢሆን፣ ሐረጉን አጥርቶ መቁጠር ቢችል፣ ሽማግሌና ዘመድ ቢያበዛ፣ በአርባ በሃምሳ ዓመቱ ሰፊ መሬት ይይዛል። ሲያረጅ ደግሞ ልጆቹና ተሟጋቾቹ ይቀራመቱታል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለው ለዚህ ነው፤ አባባሉ የሚናገረው ስለ ማሳ ሳይሆን ስለማይዘጋ መዝገብ ነው።

አሁን ገማቹ መጥቶ በዚህ ሥርዓት መካከል ይቁም። ወረቀቱን ዘርግቶ «ይህ የማን ነው?» ይላል። እውነተኛው መልስ «ዛሬ እገሌ ያርሰዋል፤ እገሌና እገሊት ግን ይገባናል ይላሉ፤ ነገሩ ከሽማግሌ ፊት ነው፤ ለከርሞ ማን እንደሚያርሰው እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል ነው። ገማቹ ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለውም። አንድ ስም ይጽፋል። በዚያች ቅጽበት ስሙ የተጻፈለት ሰው ከግብሩ በቀር ምንም ያተረፈ ላይመስል ይችላል፤ ስማቸው ያልተጻፈው አሥር ዘመዶቹ ግን የሺህ ዓመቱን መብት ያጣሉ። የተጻፈለትም ቢሆን በሌላ ቀበሌ ያለውን መብት በሌላ ሰው ስም ያጣል። ስለዚህ ግምቱ ሁሉንም ጎዳ፤ ሁሉንም አንድ ያደረገውም ይኸው ነው። መንግሥት ገቢን ልለካ ብሎ የመጣ መስሎት ነበር፤ የነካው ግን ሰዎች እርስ በርስ የሚዛመዱበትን ክር ነው።

ርስትን ገነት አድርጌ መሳሌ እንዳይመስልብኝ። የጎጃም እስላም በአብዛኛው ርስት አልነበረውም፤ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋም እንዲሁ። ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረ ሰው የሰው መሬት እየተጋዘ ያርሳል እንጂ ባለርስት አይሆንም። ነፃነቱ በደም የተከለለ ነፃነት ነበር። ሙግቱም የወንድማማች ደም ያፋስስ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ባለርስቱ ገበሬ ከብዙ የዓለም ገበሬ የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው፤ የሚኖርበትን መሬት ማንም ጌታ አልሰጠውም፤ ስለዚህም ማንም ጌታ ሊነሣው እንደሚችል አልተቀበለም። በገዛ ሞፈሩና ቀንበሩ የሚተማመን፣ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ የሰቀለ፣ ሹም ሲመጣ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሣ፣ ግን በልቡ «አያቴ ከአያትህ ቀድሞ እዚህ ነበር» የሚል ሰው ነው።

መንግሥት ይህን ሰው ለማወቅ የሞከረው በ1960 ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የወጣው የመሬት ግብር ሕግ ጎጃም ላይ ተቃውሞ ገጥሞት፣ በመጨረሻ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ መሬታቸው ሳይለካ ከወረራው በፊት ሲከፍሉት በነበረው መጠን እንዲከፍሉ ተደረገ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የልኬት ነገር እንደገና ተነሥቶ እንደገና ሁከት ሆነ። በመካከሉ፣ በጥር 1937 ዓ.ም.፣ አምስት ዓመት ጣሊያንን አላስቀምጥ ያለው በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። የበላይ ነገር ከግብር ይልቅ የሹመትና የክብር ጉዳይ ነበር፤ ሆኖም ያ ስቅላት ለጎጃም ሰው ከመንግሥት ጋር ስላለው ግንኙነት የነገረው ነገር እንዳለ መካድ አይቻልም። እኛ አገሩን ስንጠብቅ እናንተ ምን ስትሠሩ ነበር የሚለው ቁጭት ከበርኖሱ ሥር ሲብላላ የኖረ ነው።

በ1950ዎቹ ጠቅላይ ግዛቱን ያስተዳደሩት ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ነበሩ። ጎጃሜ አልነበሩም። በጦር መሣሪያ ምዝገባ ክፍያና በልዩ ልዩ መዋጮ ሕዝቡ ከእርሳቸውና ከበታቾቻቸው ጋር ተቃቅሮ ነበር። አዲሱ አዋጅ የወረደው በዚህ ቂም ላይ ነው። ጠመንጃህን አስመዝግብ ተብሎ የነበረ ሰው አሁን ማሳህን አስመዝግብ ሲባል፣ ሁለቱን አገናኝቶ ቢያነብ አይፈረድበትም።

ሞጣ፣ ብቸና፣ ዳሞት ቀድመው እምቢ አሉ። እምቢታው የተጀመረው በጥይት እንዳልነበረ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ገማቾቹን አናስገባም ነው ያሉት። እንዲሰበሰቡ ሲጠሩ አይመጡም፤ ማሳቸውን ሲጠየቁ አይናገሩም፤ ሲገፉ ይገፋሉ። ወኪል መርጠው ወደ አዲስ አበባ ላኩ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ባለ አገር ክሱ በገዥው ላይ እንጂ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ አልነበረም፤ እኛ ጃንሆይን አልካድንም፣ የበደለን ሹሙ ነው የሚል አቤቱታ ነው። ይህን አባባል እንደ የዋህነት የሚቆጥሩት አሉ። እኔ ግን ብልሃት አይበታለሁ። ለንጉሡ ፊታቸው ሳይጠቁር የሚያፈገፍጉበትን በር ክፍት ትቶላቸዋልና፤ ኋላም እንደምናየው ንጉሡ የወጡት በዚያው በር ነው።

አቤቱታው መልስ አጣ፤ ክረምቱ ሲገባ ነገሩ ወደ ተኩስ አደገ። ፖሊስና ወታደር ዘመተ። የጦር አውሮፕላን ተላከ፤ መንደሮች ከሰማይ ተደበደቡ። ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ። ግብር ያልከፈለን አራሽ በአውሮፕላን መደብደብ ምን የሚሉት ሒሳብ እንደሆነ ሒሳብ በየቀኑ የምሠራው እኔ ሊገባኝ አልቻለም፤ የአንዷ ቦምብ ዋጋ ከስንት ቤት ግብር እንደሚበልጥ ማንም አስቦት አያውቅ ይሆናል። በዚህ ሁሉ መካከል ገበሬው ያደረገው ነገር ያስደንቀኛል። በየአካባቢው መሪ መረጠ፤ ሹም በሌለበት ጊዜ የጎበዝ አለቃ መምረጥ የቆየ የአገር ልማድ ነውና። ገበያውንና መንገዱን ጠበቀ፤ ከመንግሥት ሹም ጋር መገናኘቱን ተወ። ወደ አዲስ አበባ ልዝመት አላለም፤ ዙፋን ልውጣ አላለም። የፈለገው እንዲተዉት ነው።

«ሸፈተ» የሚል ቃል አለን። መይሳው ካሣ ቴዎድሮስ ከመባላቸው በፊት ሸፍተዋል፤ አንዱ ሸፍቶ ወንበዴ ይሆናል፣ አንዱ አርበኛ፣ አንዱ ንጉሥ። ሸፍቶ የሚሄድ ሰው ግን ቤቱን ጥሎ ጫካ ይገባል፤ አገሩን ለመንግሥት ለቅቆ ራሱን ያድናል። የጎጃሙ ገበሬ ያደረገው ለዚህ ቃል አይስማማም። ከሹሙ ራቀ እንጂ ከማሳው አልራቀም። በሬውን ሳይፈታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳይርቅ፣ ባለበት ተቀምጦ ከመንግሥት ወጣ። ለዚህ አንድ ቃል ቢኖረን እወድ ነበር፤ ብዙ አሰብሁ፤ አላገኘሁም።

ከዚህ መቶ ዓመት ከማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ እንኳ አይደለም፣ ከመቶም አልፎ፣ በ1846 እ.ኤ.አ. ሔንሪ ዴቪድ ቶሮ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ ለዓመታት ያልከፈለውን የነፍስ ወከፍ ግብር አልከፍልም ብሎ አንድ ሌሊት ታስሮ ነበር። ባርያ የሚያሳድርና ሜክሲኮን የሚወጋ መንግሥት ገንዘቤን አያገኝም ነበር ምክንያቱ። ሌላ ሰው ከፍሎለት በማግሥቱ ተፈታ፤ ከዚያ የጻፈው ጽሑፍ ዓለምን ዞረ፤ ጋንዲም አንብቦታል። ጽሑፉን የምወድ ሰው ነኝ። ነገር ግን ቶሮ ብቻውን ነበር፤ ብቻውንም መሆኑን ይወድደው ነበር። የጎጃሙ ገበሬ ነፃነትን ብቻውን አያውቀውም። እምቢታው የመንደር፣ የደብር፣ የዘር ሐረግ እምቢታ ነው። ይህ ብርታቱም ድካሙም ነው። አውሮፕላን ያልበተነው ለዚህ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ እምቢ ባለበት መንደር «እኔስ ልከፍል ነው» ማለት የፈለገ አንድ ሰው ቢኖር፣ ከመንግሥት የበለጠ የሚያስፈራው ጎረቤቱ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ነፃነቱን ለመንደሩ አስረክቦ ከመንግሥት ነፃ የሚወጣ ሰው ምን ያህል ነፃ ነው? ለዚህ ያገኘሁት መልስ የለም፤ ጥያቄውን ግን ለቶሮ አድናቂዎችም ለጎጃም አድናቂዎችም አቀርባለሁ።

መጨረሻው ለመንግሥት የማያኮራ፣ ለንጉሡ ግን ብልህ ነበር። ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሡ። በ1961 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጎጃም ድረስ ሄዱ፤ ከ1942 እስከ 1960 ዓ.ም. የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብር ማሩ። ግምቱም ቀረ። ደጃዝማች ፀሐዩ በኋላ የከፋ ገዥ ሆኑ፤ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ የጅማ ሕዝብ ይነሡልን ብሎ ሰልፍ ወጣባቸው። ለአንድ ሹም ሁለት ጠቅላይ ግዛት መብዛቱ ነው መቼም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የአዲስ አበባ ተማሪ ምን ይል ነበር? በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ትውልድ ልቡ ከገበሬው ጋር ነበር፤ በዚህ አልጠራጠርም። ግን መፈክሩ የተቀረጸው የደቡቡን ጭሰኛ አስቦ ነው። የጎጃሙ ባለርስት መሬት ስጡኝ አላለም፤ መሬቴን አትንኩብኝ ነው ያለው። ሁለቱም ገበሬዎች ናቸው፤ የጠየቁት ግን አንዱ የመንግሥትን እጅ፣ ሌላው የመንግሥትን መራቅ ነው። አንድ መፈክር ሁለቱን ሊሸከም አይችልም ነበር።

እንዳልቻለም ብዙ ሳይቆይ ታየ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገው። ለደቡቡ ጭሰኛ ይህ የትንሣኤ ቀን ነበር፤ ይህን ደስታ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ለጎጃሙ ግን አዋጁ ሌላ አንቀጽ ነበረው፤ ርስት ባለበት አገር እያንዳንዱ ዛሬ የያዘውን እያረሰ ይኑር፤ ከእንግዲህ በዘር ይገባኛል የሚል ሙግት የለም። የሺህ ዓመቱ መዝገብ በአንድ ቀን ተዘጋ። ገማቹ በወረቀቱ ሊያደርገው ያልቻለውን አዋጁ ያለ ገመድ አደረገው። በጎጃም በዚያ ጊዜም ተኩስ ተሰምቷል፤ አሁን ግን የሚማር ንጉሥ የለም፣ የሚከሰስ ገዥም የለም። ቀጥሎ 800 ሔክታር ያህል ላይ የተዋቀረ ገበሬ ማኅበር መጣ፤ ማኅበሩ ስሙ የገበሬ ቢሆንም ጆሮው የመንግሥት ነበር። ከዚያ እህልህን በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት አስረክብ የሚለው ኮታ መጣ። ከዚያ የአምራቾች ማኅበር፤ ከዚያ መንደር ምሥረታ፤ ቤትህን ነቅለህ በመስመር ሥራ፤ ሁሉም ከመንገድ ላይ ይታይ።

በ1960 ጠመንጃ ያነሣው ሰው ልጅ ለዚህ ሁሉ ጠመንጃ አላነሣም። ጊዜው ሌላ ነበር፤ የሚያነሣው ልጅም ለግዳጅ ተወስዶበታል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የኢኮኖሚው መስመር መቀየሩን፣ ገበሬው በማኅበር ማረስ እንደማይገደድ አስታወቁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላዘዘውም። በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት ፈረሱ። አባላቱ በሬውን ተከፋፈሉ፤ መሬቱን ተከፋፈሉ። ብዙ ሰው ከመንደሩ ቤቱን አፍርሶ፣ ማገሩንና ወጋግራውን ተሸክሞ ወደ ጥንት ቀዬው ተመለሰ። ሰልፍ የለም፣ መፈክር የለም፣ አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ከአሥር ዓመት በላይ የተገነባውን ነገር ባለቤቱ በትከሻው ተሸክሞት ሄደ። ከ1960 ይልቅ ይህን የማደንቅበት ጊዜ አለ።

ገመዱ ግን አልጠፋም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ «ቢሮክራት» እና «ፊውዳል» የተባሉ ገበሬዎች ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዙ ተወሰነባቸው፤ አቤት ሊሉ አዲስ አበባ ድረስ የመጡም ነበሩ፤ ልክ እንደ አባቶቻቸው ወኪሎች። ከዚያ ወዲህ በ1990ዎቹ አጋማሽ የይዞታ ምዝገባ ተጀመረ፤ ገበሬው አረንጓዴ ደብተር የሚለው ማረጋገጫ መሰጠት ያዘ። ልኬቱ በየቀበሌው ከገበሬው በተመረጠ ኮሚቴ፣ በብዙ ቦታም በገመድ ነበር። እምቢ ያለ ሰው ብዙ አልተሰማም፤ እንዲያውም ቀድሞ ለመመዝገብ የሚሽቀዳደመው ይበዛ ነበር። ሁለት ሽግሽግ ያየ ሰው ያልተጻፈው መሬት በቀላሉ እንደሚወሰድ ተምሯል፤ አያቱ ከገማቹ የሸሸገውን ስም እርሱ በራሱ አንደበት ቆጥሮ አስጻፈ።

አንድ አዛውንት ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በጨርቅ ቋጥረው ለመታወቂያ ይሆን እንደሆነ ብለው ወደ መስኮቴ አምጥተውት ያውቃሉ። በውስጡ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ ከሥሩ የማሳው ስፋት፣ የአዋሳኞቹ ስም በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ። የዋና አባት ስም የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። መሬቱን መሸጥ አይችሉም፤ መጠቀም ግን ይችላሉ። ለመታወቂያ እንደማያገለግል ስነግራቸው አልተቀየሙም። ጨርቁን እንደነበረው አድርገው ቋጠሩት፤ ከጋቢያቸው ሥር ከተው ወጡ።